ለአሮጌ አይሱዙ ቱርቦ ይገጠም ወይስ ናፍጣው ይቀነስ?

ሰላም ወንድሞች። መኪናዬ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ነው፤ ሞተሩ 4ኤችኤፍ1፣ ያለ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ)። ከጎጃም እህል ጭኜ ወደ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ።

ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ መጀመሪያ ላይ ደህና ነው። ከፍታው ሲጨምር ግን ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ በሁለተኛ ማርሽ እንኳ ይንፏቀቃል። ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተስተካክሎ ጋርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተቀይሯል፣ ራዲያተሩ ተጠርጓል፣ የአየር ማጣሪያው አዲስ ነው፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎችም ተፈትሸዋል። ውሃ አይጎድልም፣ ከዘይትም አልተቀላቀለም።

አንዱ መካኒክ ያገለገለ ቱርቦ እንግጠምለት ይላል፤ ፒስተኑ ለዚያ ግፊት ስላልተሠራ እሰጋለሁ። ሌላው፣ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፖምፑ የሚሰጠው ናፍጣ ይቀነስ ባይ ነው። ጥቁሩ ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ስለሚመስለኝ ይኼኛው ያሳምነኛል፣ ግን ያለችውንም ጉልበት እንዳያሳጣኝ።

በዚህ ሞተር ናፍጣውን አስቀንሶ፣ ጭነት እንደያዘ ሳይግልበት ዳገቱን የወጣ አለ?