የዘር ፈሳሽ ምርመራ ስፐርም ካላሳየ የክሮሞዞም ምርመራ ለምን ይታዘዛል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ዓመታት ቢቆጠሩም ልጅ አላገኘንም። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው በእርሷ ላይ ነበር፤ ይሁን እንጂ የእርሷ ምርመራ ምንም ችግር ሳያሳይ፣ በእኔ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ምርመራው ተደግሞም አንድ ስፐርም አልታየም። አሁን ሐኪሙ የሆርሞንና የክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ጂኖችን የሚሸከመው ክፍል) ምርመራ አዘውልኛል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በጣና ላይ መረብ ስጎትት የኖርሁ ጤነኛ ሰው ነኝ፤ አባቴም ሰባት ልጆች ወልዷል። ታዲያ ችግሩ እንዴት ከዘር የመጣ ሊባል ይችላል?

የመጀመሪያ መላሽ (የጤና ባለሙያ)፦
ወንድሜ፣ የጉልበት ብርታት ስፐርም ስለመኖሩ አይመሰክርም። ክላይንፌልተር በሚባለው ሁኔታ ወንዱ አንድ ትርፍ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ ይወለዳል፤ ብዙዎቹም ይህን የሚያውቁት ልጅ ፈልገው ሲመረመሩ ነው። ትርፉ የሚመጣው የእናት እንቁላል ወይም የአባት ስፐርም ሲፈጠር በሚደርስ የአከፋፈል ስህተት ስለሆነ፣ የአባትዎ ልጆች መብዛት ይህን አያስቀረውም። ለስፐርም ምርት የሚያስፈልጉ ጂኖች ካሉበት ከወንዱ ዋይ ክሮሞዞም ላይ ቁራጭ መጉደሉም አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከልጁ የሚጀምር ነው። እዚህ ላይ የትኛው ክፍል እንደጎደለ ማወቅ ግድ ይላል፦ ኤዜድኤፍ ኤ ወይም ቢ የተባለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ቆለጥን ቀዶ ስፐርም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ሲ የተባለው ብቻ ከጎደለ ግን ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ በእርሱ የሚወለደው ወንድ ልጅም ያንኑ ጉድለት ይወርሳል። ሐኪምዎ ከቀዶ ጥገና በፊት የደም ምርመራውን ያስቀደሙት ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛ መላሽ፦
«ለወንድነት» እየተባለ የሚሰጠውን የቴስቶስቴሮን መርፌ አደራ እንዳይወስዱ፤ ከውጭ የሚገባው ሆርሞን አንጎል ለቆለጥ የሚሰጠውን ትእዛዝ ስለሚያቋርጥ ጤነኛውን ሰው እንኳ ስፐርም ያሳጣል። ለመሆኑ በውጤት ወረቀቱ ላይ የፈሳሹ መጠንና ፒኤች (የአሲዳማነቱ ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ስንት ተብሎ ተጽፏል? ብዙ ሰው የስፐርሙን ቁጥር ብቻ አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል።

ጠያቂ፦
መጠኑ 0.7 ሚሊ ሊትር፣ ፒኤች 6.5 ይላል፤ ናሙናውም በሙሉ ተሰጥቷል። መርፌ ወስጄ አላውቅም።

የመጀመሪያ መላሽ፦
እንዲህ ከሆነ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የመጠኑ ዝቅተኛ ወሰን 1.4 ሚሊ ሊትር ነው። መጠኑ ከዚህ አንሶ ፈሳሹ አሲዳማ ሲሆን፣ ቆለጡ ስፐርም እያመረተ ማስተላለፊያው ቱቦ ከተፈጥሮ የሌለ ወይም የተዘጋ ሊሆን ይችላል። የቱቦው አለመኖር ብዙ ጊዜ ሲኤፍቲአር በተባለ ጂን ለውጥ ይመጣል፤ እናትና አባት እያንዳንዳቸው አንድ የተለወጠ ቅጂ ይዘው ምንም ሳያውቁት ሰባት ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ፣ ከሁለቱም የወረሰው ግን ይቸገራል። ስለዚህ ሐኪሙ ቱቦውን በእጅ ዳስሰው እንዲያዩልዎ ይጠይቁ፤ ቱቦው በሌለበት አንዳንዴ አንዱ ኩላሊት አብሮ ስለሚጎድል አልትራሳውንድም ይነሡ። ቱቦው ከሌለም ስፐርሙን ከቆለጥ ወስዶ በመርፌ ወደ እንቁላል ማስገባት ይቻላል፤ በመንግሥት በኩል በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ከዚያ በፊት ግን ባለቤትዎም የዚሁኑ ጂን ምርመራ ያድርጉ፤ እርሳቸውም ተሸካሚ ከሆኑ ልጁ ሳንባንና ቆሽትን የሚጎዳውን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሊወርስ ይችላልና።