ቲንክፓድ ቲ430 ላይ ብሉቱዝ ለመጨመር፦ ካርድ ላስቀይር ወይስ ዶንግል ይበቃኛል?

የሳሪሷ_መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 ገዛሁ። ማሽኑ ምንም አይወጣለትም፣ ኪቦርዱ ሲጽፉበት ደስ ይላል፣ ራሙም 8 ጊጋ ነው፣ ለኔ ሥራ ይበቃል። ችግሩ ብሉቱዝ ነው። ሻጩ "አለው፣ ድራይቨር ብቻ ነው የጎደለው" ብሎኝ ነበር። ድራይቨሩን ከሌኖቮ ድረ ገጽ አውርጄ ልጭን ስል ግን መሣሪያው አልተገኘም ይለኛል።

የፈለግኩት ለኢርፎን ነው። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ተማሪዎችን በዙም አስጠናለሁ። ባለ ገመዱ ኢርፎን አንድ ጆሮው ከሞተ ቆየ፣ ሌላ እንዳልገዛ ደግሞ ትንሹ ልጄ ገመድ ማኘክ ይወዳል። መርካቶ ያማከርኩት ባለሙያ "ዋይፋይ ካርዱን አውጥቼ ብሉቱዝ ያለው እገጥምልሻለሁ" አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ምን አስለፋሽ፣ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋን ትንሿን ዶንግል ግዢ ይላል። የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። የቱ ይሻለኛል?

ባለ_ካቻቪቴ

እህቴ፣ ለካርዱ ብር ከመክፈልሽ በፊት ይቺን አንብቢ።

ቲ430 የ2012 ማሽን ነው። ሌኖቮ በዚያን ጊዜ ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ የተፈቀዱ የዋይፋይ ካርዶችን ዝርዝር ያስቀምጥ ነበር። ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ካርድ ከተሰካ ላፕቶፑ ገና ሲነሳ ስህተት 1802 ብሎ ይቆማል፣ ዊንዶውስ ጋ እንኳን አይደርስም። ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ላፕቶፑም ጤነኛ ነው፣ ግን አይተዋወቁም። ስንቱ ሰው ደህናውን ኢንቴል 7260 ገዝቶ እዚህ ጋ ቀርቷል መሰለሽ። ባለሙያሽ ይሄን የሚያውቅና ከዝርዝሩ ውስጥ ያለ ካርድ ያለው ከሆነ ችግር የለም። "ገጥመህ፣ አስነስተህ አሳየኝና እከፍላለሁ" በይው። ካንገራገረ ተይው።

ከሁሉም በፊት ግን በነጻ የሚታይ ነገር አለ። የቢሮ ላፕቶፕ ነው አይደል? አንዳንድ ድርጅት ሠራተኛው በብሉቱዝ ፋይል እንዳያወጣ ብሎ ከባዮስ ያጠፋዋል፣ ሌላው ደግሞ ሲያዝ ጀምሮ ያለ ብሉቱዝ ያዛል። ያንቺ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪውና የሌኖቮ ጽሑፍ ሲመጣ ኤፍ1ን ተጫኚ። ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ አይኦ ፖርት አክሰስ የሚል አለ። እዚያ ብሉቱዝ ዲሴብልድ (የጠፋ) ከሆነ ኢኔብልድ (የበራ) አድርጊና በኤፍ10 አስቀምጪው። በጎኑ ያለችው የዋየርለስ ማብሪያም ጠፍታ እንዳይሆን እያት። ባዮሱ ፓስወርድ አምጪ ካለሽ የድሮው ባለቤት ቆልፎታል ማለት ነው፣ ይሄ የሻጩ ጣጣ ነው፣ ተሸክመሽ እሱ ጋ ሂጂ።

ሜሪላንድ_ያለው

እኔም ይሄው ቲ430 ነው ያለኝ። ዶንግል አልወድም። ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ስትከቺ ሳትነቅዪው ትረሺዋለሽ፣ ከዚያ ወይ እሱ ይሰበራል ወይ ፖርቱን ያላላዋል።

ለዚህ ማሽን የተሠራ የራሱ የብሉቱዝ ካርድ አለ፣ ቢዲሲ 4 ይባላል። በጣም ትንሽ ናት፣ ከዋይፋይ ካርዱ የተለየች ናት፣ ቺፗ የብሮድኮም ነው፣ ብሉቱዝ 4.0። የሌኖቮ የራሱ ዕቃ ስለሆነች የ1802 ጣጣ አይነካትም፣ ዋይፋይ ካርድሽም ባለበት ይቀመጣል። ኢቤይ ላይ ከተፈቱ ማሽኖች የወጣች በርካሽ ትሸጣለች። እዚህ ዘመድ ካለሽ ሰው ሲመጣ በፖስታ ውስጥ አድርጎ ይልክልሻል፣ ኪሎም አትይዝ።

ለመግጠም ኪቦርዱንና እጅ የሚያርፍበትን ክዳን ማንሳት አለብሽ። ባትሪውን መጀመሪያ አውጪ። ሌኖቮ የጥገና መመሪያውን በነጻ ለቆታል፣ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ በሥዕል ያሳያል።

ባለ_ካቻቪቴ

ሜሪላንድ ልክ ነህ፣ እኔም ለራሴ ቢሆን እሱን ነው የማደርገው። ግን ካርዷ የምትሰካበት ማገናኛ መኖሩን ከፍታ ሳታይ እንዳታዝ። ደግሞ ለአንድ ኢርፎን ብላ ከአሜሪካ ሰው እስኪመጣ ትጠብቅ?

ቢኒ_ሊኑክስ

ለነገሩ የባዮሱን ዝርዝር የሚያነሳ ፕሮግራምም አለ፣ ለዚህ ለቲ430 ትውልድ የተሠራ። ባዮስሽ አዲስ ቨርዥን ከሆነ መጀመሪያ ወደ አሮጌው ትመልሺዋለሽ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ካርድ ትሰኪያለሽ። እግረ መንገድሽን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ጫኚበት፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እንደሆነ ጥቅምት 2025 ላይ አብቅቷል፣ 11 ደግሞ ይሄን ፕሮሰሰር አይቀበልም።

ኮልፌ_ፒሲ

ቢኒ እባክህ፣ ሴትየዋ ኢርፎን ነው ያለችህ። ባዮስ እየተጻፈ መሀል ላይ መብራት ቢሄድና ያ ያረጀ ባትሪ ቢከዳት ቦርዱን ማን ይተካላታል? የሊኑክሱ ነገር ግን ሌላ ጊዜ ይታሰብበት፣ እሱ ላይ አልከራከርህም።

እኔ ሱቅ አለኝ፣ ዶንግል እሸጣለሁ፣ ስለዚህ ወደ ራሱ ያደላል ብትሉኝ አልቀየምም። እህቴ፣ ላንቺ የሚሻለው ዶንግል ነው። ግን ዝም ብለሽ አትግዢ። ማሸጊያው 5.0 ወይም 5.3 እያለ ውስጡ ያለው ቺፕ ሲኤስአር 8510 የሆነ ሞልቷል። ሲኤስአር 8510 የ4.0 ቺፕ ነው፣ ያውም እሱኑ አስመስለው የሠሩት ብዙ ነው። ሰክተሽ ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ብሉቱዝ ስር ያለውን አዳፕተር ክፈቺና ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ በዪ። እዚያ ኤልኤምፒ የሚል የብሉቱዙን ቨርዥን የሚያሳይ ቁጥር አለ፣ 6 ካለሽ ብሉቱዝ 4.0 ነው፣ 9 ካለሽ 5.0። ሪልቴክ 8761 የሚባል ቺፕ ያለበትን ካገኘሽ እሱን ያዢ።

በቁጥሩ ግን እንቅልፍ አትጪ። የተለመደው የብሉቱዝ ኢርፎን ሙዚቃ የሚያልፈው በድሮው በክላሲኩ ብሉቱዝ ነው። 5.0 ያሻሻለው ደግሞ በአብዛኛው ያኛውን፣ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራውን ክፍል ነው። ደህና 4.0 ካገኘሽ ከውሸት 5.3 ይበልጥብሻል።

ሌላ፣ ባዮስ ላይ ጠፍቶ የነበረ ብሉቱዝ ካገኘሽ ዶንግል አትጨምሪበት፣ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንዱን ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ አንባቢዎችም ልብ በሉ፣ 7 ለስቴሪዮ የብሉቱዝ ድምፅ የራሱ ድራይቨር የለውም። ከዶንግሉ ጋር የሚመጣ ሶፍትዌር ከሌለ ማውዙ ይሠራል፣ ኢርፎኑ አይሠራም።

የሳሪሷ_መምህርት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ባዮሱን አየሁት፣ ፓስወርድ የለውም። ብሉቱዝ ኢኔብልድ ነው የሚለው፣ ዲቫይስ ማናጀር ላይ ግን ምንም የለም። ካርዱ ከነጭራሹ የለም ማለት ነው?

ሰው መጠበቁ ስላላዋጣኝ ዶንግሉን ገዛሁ። ማሸጊያው 5.1 ይላል፣ ኤልኤምፒው 6፣ ሃሃ። ቢሆንም ወዲያው ተገናኘ፣ ዘፈን ስከፍትበት ጥርት ያለ ነው። ዙም ስገባ ግን የተማሪዎቹ ድምፅ የድሮ የመስመር ስልክ ይመስላል። አንዳንዴም ይቆራረጣል። የዶንግሉ ጥፋት ነው?

ባለ_ካቻቪቴ

አዎ፣ ኢኔብልድ እያለ፣ የጎን ማብሪያዋም በርታ ካልታየ ካርዱ የለም። ሻጭሽ ባዶ ቦታ ነው ድራይቨር የጎደለው ያለሽ።

ድምፁ የዶንግሉ ጥፋት አይደለም። ኢርፎንሽ ዊንዶውስ ላይ ሁለት ሆኖ ነው የሚመዘገበው፣ አንዱ ስቴሪዮ (ለማዳመጥ ብቻ)፣ አንዱ ሃንድስፍሪ (ከነማይኩ)። ክላሲክ ብሉቱዝ ጥሩ ድምፅና ማይክ አንድ ላይ አይሰጥም፣ የኢርፎኑ ማይክ ሥራ ሲጀምር ሁሉም ነገር ወደ ስልክ ጥራት ይወርዳል። ዙም ሴቲንግ ውስጥ ኦዲዮ ግቢና ስፒከሩን የኢርፎኑን ስቴሪዮ፣ ማይኩን የላፕቶፑን የራሱን አድርጊ። ከዚያ በኋላ ጥርት ብሎ ይሰማሻል፣ እነሱም አንቺን ይሰሙሻል።

መቆራረጡን በተመለከተ፣ የቱ ፖርት ላይ ነው የሰካሽው?

የሳሪሷ_መምህርት

በግራ በኩል፣ ሰማያዊዋ ላይ።

ባለ_ካቻቪቴ

እሷ ዩኤስቢ 3 ናት። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ ብሉቱዝ በሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ይለቃል፣ በተለይ ጎኗ ሃርድ ዲስክ ከተሰካ። ጀርባው ላይ ያለችው ቢጫዋ ዩኤስቢ 2 ናት፣ ወደ እሷ አዙሪው። ዋይፋይሽም በ2.4 ከሆነ ያንኑ አየር ይሻማል። ራውተርሽ 5 ጊጋኸርዝ ካለው፣ ካርድሽም ኢንቴል 6205 ከሆነ ወደ 5 ቀይሪው። ካርድሽ 2200 ከሆነ ግን 5 አያውቅም።

የሳሪሷ_መምህርት

ማይኩን ቀየርኩት፣ ቢጫዋ ላይም ሰካሁት። ሌላ ሰው ሆነ! ካርዴ 2200 ነው፣ ግን አሁን አይቆራረጥም፣ አልነካካውም።

ደጉ_አዳማ

በዚሁ ልጠይቅ፣ የኔ ዴል ላቲቲውድ ኢ6430 ነው፣ እሱም ብሉቱዝ የለውም። 1802 የሚባለው እኔንም ያገኘኛል?

ኮልፌ_ፒሲ

አያገኝህም፣ ላቲቲውድ ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። በዚያ ዘመን ሌኖቮና ኤችፒ ናቸው ይሄን የሚያደርጉት። አንተ መጠኑ ግማሽ ሚኒ ካርድ የሚባለውን የኢንቴል 7260 ካርድ መሞከር ትችላለህ፣ ስትገዛ ግን ብሉቱዝ ያለው መሆኑን ሌብሉ ላይ አንብብ፣ የሌለው 7260ም አለ። የካርዱ ብሉቱዝ የሚያወራው በዩኤስቢ መስመር ነው፣ ስለዚህ ገጥመህ ዋይፋዩ ሠርቶ ብሉቱዙ ካልታየ ጥፋቱን ካርዱ ላይ ብቻ አትፈልግ። የአንቴና ገመዶቹን ስትነቅል ደግሞ ገመዱን ሳይሆን ጫፉን ይዘህ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ሳብ፣ ጫፉ ከተቀነጠሰ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል።