ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ኪዮኮ ለምን አልተመለሰችለትም?

ጠያቂ፦
ትናንት ማታ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የሂሮካዙ ኮሬኤዳን ፊልም «ከአውሎ ነፋሱ በኋላ» አየሁት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፣ ሂሮሺ አቤ ሪዮታን ሆኖ የሚሠራበት። እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ሪዮታ በአንድ ወቅት የተሸለመ ደራሲ ነበር። አሁን የግል መርማሪ ሆኖ ሰው ይከታተላል፣ ያገኛትን ደግሞ በብስክሌት ውድድር ቁማር ይጨርሳታል። የልጁን ቀለብ በሰዓቱ አይከፍልም፣ ልጁን የሚያየው በወር አንዴ ነው። በዚያ የአውሎ ነፋስ ሌሊት ከቀድሞ ሚስቱ ከኪዮኮና ከልጃቸው ከሺንጎ ጋር እናቱ ቤት ሲያድሩ «በቃ፣ ሊታረቁ ነው» ብዬ ነበር። ሲነጋ ግን ሁሉም በየመንገዱ ሄደ። በጣም ከፋኝ። ለምን አልተመለሰችለትም? ልጁስ ለምን የእናቱ ብቻ ሆነ?

መልስ 1፦
የልጁን ነገር ልንገርህ። ፊልሙ ሲሠራ በጃፓን ሕግ ባልና ሚስት ከተፋቱ የልጁ አሳዳጊነት የሚሰጠው ለአንዳቸው ብቻ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜም ለእናት። ሁለቱም በጋራ አሳዳጊ እንዲሆኑ የሚፈቅደው ሕግ የጸደቀው ገና በሜይ 2024 ነው፤ ሥራ ላይ እንዲውል የተባለውም ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ። ስለዚህ ለሪዮታ ያቺ የወር አንድ ቀን ሁሉ ነገሩ ናት። ቀለቡን ሳይከፍል ሲመጣ ኪዮኮ ፊቷ የሚለዋወጠውም ልጁን ብቻዋን ስለምታሳድግ ነው፣ ክፋት አይደለም።

መልስ 2፦
እናትና አባቴ የተፋቱት የሺንጎን ዕድሜ እያለሁ ነው። አባቴ ሊወስደኝ በሚመጣበት ቀን ጫማዬን ከጠዋት አድርጌ በር ላይ እቀመጥ ነበር፣ አንዳንዴ እስኪመሽ። ስለዚህ አባትና ልጅ በዚያ ዝናብ ወጥተው የኦክቶፐስ ቅርጽ ባለው መንሸራተቻ ውስጥ ሲቀመጡ አለቀስኩ። ልጁ አባቱን መሆን የፈለግኸውን ሆንክ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ሪዮታም ገና አልሆንኩም ይለዋል። አልዋሸውም! ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከዚያ ንፋሱ የሎተሪ ትኬቶቹን ሲበትናቸው ሦስቱም በዝናብ እየተንበረከኩ ይለቅማሉ። ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ አንድ ሌሊት ቢኖረኝ ይበቃኝ ነበር።

መልስ 3፦
ኪዮኮ እኮ አልጠላችውም። ግን በፍቅር ብቻ አይኖርም፣ ይህን እሷ ታውቃለች። ለሺንጎ የቤዝቦል ጫማ ሲገዛ ዋጋ ለማስቀነስ ጫማውን ራሱ ሲፍቀው አላየህም? ልጁን ይወዳል፣ መውደዱን ግን እንዲህ በአቋራጭ ነው የሚያሳየው። አባት መሆን የጀመረው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው፣ እሷ ደግሞ ያንን ስትጠብቅ ዓመታቷን ጨርሳለች። ተመልሳ ብትመጣ ኖሮ ፊልሙ ይዋሽ ነበር ባይ ነኝ።

አያትየዋን፣ የሪዮታን እናት፣ ደግሞ አትርሱ። እሷን ሆና የሠራችውን ኪሪን ኪኪን ነፍሷን ይማር። ያንን ካልፒስ የሚባል የጃፓን የወተት ለስላሳ መጠጥ አቀዝቅዛ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን በማንኪያ እየፋቁ ሲበሉ የዚያ ቤት ሽታ ይመጣልኛል። ሌሊት ላይ ኪዮኮን «በቃ፣ አይሆንም?» ብላ የጠየቀቻት ጊዜ የሁለቱንም ፊት ተመልከቱ። የጃፓንኛው ርዕስ «ከባሕርም የጠለቀ» እንደማለት ነው፣ ከታይዋናዊቷ ዘፋኝ ከቴሬሳ ቴንግ ዘፈን የተወሰደ። ዘፈኑ በሬዲዮ ሲሰማ አያትየዋ እንደዚያ ጠልቃ ማንንም ወድዳ እንደማታውቅ ትናገራለች፣ እንዲያውም ያለዚያ በየቀኑ ደስ ብሎን እንኖራለን ትላለች።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። እኔ ሙሉውን ያየሁት ከሪዮታ ጎን ሆኜ ነው። ዛሬ ማታ እንደገና ከፍቼ ኪዮኮን ብቻ እከታተላለሁ።