መኪናው ራሱን ሲነዳ ሐሳቤ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ፣ መኪናዬ መስመሩን ራሱ ይጠብቃል፣ ከፊት ያለው ሲቀንስም አብሮ ይቀንሳል። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ከመሪው አይላቀቅም ነበር አሁን ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ ተተክሎ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው፣ ባለፈው ማስጠንቀቂያው ሲጮህ የቱ መስመር ላይ እንዳለሁ ለማወቅ ራሱ ጊዜ ፈጀብኝ፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ስንፍና ነው ወይስ እናንተም ላይ ይደርሳል?

መልስ 1
ስንፍና አይደለም ወንድሜ። ሰው ምንም ሳይሠራ ነቅቶ መጠበቅ አይችልበትም። በ1948 ማክወርዝ የሚባል ተመራማሪ ሰዎችን እንደ ሰዓት የሚዞር ቀስት ፊት አስቀምጦ ቀስቱ አልፎ አልፎ ሲዘል ንገሩኝ አላቸው፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጣቸው በዛ። ቤይንብሪጅ የምትባል ተመራማሪ ደግሞ በ1983 ቀላሉን ሥራ ለማሽን ሰጥተን ከባዱን ለሰው እንተዋለን፣ ያውም እጁ ከሥራው ከራቀ በኋላ ብላ ጽፋለች፣ ስለ ፋብሪካና ስለ አውሮፕላን ነበር ግን ያንተ ነገር ቁርጥ እሱ ነው።

መልስ 2
ልክ ነው ግን እዚህ ላይ መዘናጋት የለም። የያዝከው ሌቭል 2 ነው፣ ማለትም መኪናው መሪና ፍጥነት ላይ ያግዝሃል እንጂ ሹፌሩ አንተ ነህ። በ2018 አሜሪካ፣ አሪዞና ቴምፒ ውስጥ የኡበር ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ፣ ሲስተሙ ከ5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል ግን እግረኛ መሆኗን አልለየም፣ ለመቆጣጠር የተቀመጠው ሰው ደግሞ ስልክ ላይ ነበር። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

መልስ 3
እሱ እውነት ነው፣ ግን ሁሉንም ሹፌሩ ላይ መጫን አይዋጥልኝም። ጉግል ድሮ ራሱን የሚነዳ መኪና ለገዛ ሠራተኞቹ ሰጥቶ ሲሞክር አደራ ተጠንቀቁ ተብለው እንኳ መሪው ላይ የሚያንቀላፋ ተገኘ፣ ከዛ በኋላ ነው መሪውን መሃል መንገድ ላይ ለሰው መመለስ አይሆንም ብለው የተዉት። እኔ የመንገድ ሥራ፣ ኃይለኛ ዝናብ ወይ የጠፋ የመንገድ ቀለም ካለ ሲስተሙን ቀድሜ አጠፋዋለሁ፣ እስኪጮህ አልጠብቅም።

ጠያቂ
ተባረኩ። የጮኸብኝም ለካ የመንገዱ ቀለም የጠፋበት ቦታ ላይ ነው፣ ከሩቅ እየታየኝ ይዞልኛል ብዬ ዝም አልኩ።