ጋሪ እየነዳሁ ጅዳ ላለች ባለቤቴ እንዴት ልጻፍላት?

ጥያቄ (አዲሱ ባለጋሪ)፦ ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች 14 ወሯ። በላከችው ብር ባሕር ዳር ላይ ፈረስና ጋሪ ገዝቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ተነሥቼ በሐሙሲት አድርጌ ወረታ ልገባ ነው፤ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መንገድ ላይ አድራለሁ። እሷ ስልኳን የምታየው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። ድምፅ ስልክላት ማዳመጥ አትችልም፣ «ጻፍልኝ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ሰላም ነሽ ወይ፣ እኔ ደህና ነኝ» ካልኩ በኋላ የምጽፈው ያልቅብኛል። ጋሪው ላይ ሆኜ ስሞክርማ መንገጫገጩ «ናፍቀሽኛል»ን ምን እንዳደረገው አልነግራችሁም።

የድሮ ባለጋሪ፦ ልጓም ይዘህ ስልክ አትነካካ! አስፋልቱ ላይ አይሱዙ ሲያልፍህ ፈረሱ ከደነበረ የሚጻፈው ሌላ ደብዳቤ ነው። ሐሙሲት ስትደርስ ፍታው፣ ላቡ ይድረቅ፣ ውኃ አጠጣው፣ ማሰሪያው ደረቱን ልጦት እንደሆነ በእጅህ ዳስሰህ እይ። ሣር ሲይዝ ያኔ ጥላ ፈልገህ ጻፍ።

ቤይሩት የነበርኩ፦ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ እኔ ልንገርህ። ከአገር ቤት የሚመጣልኝ ሁሉ «ብሩ ደርሷል» እና «ትንሽ ጨምሪ» ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እኅቴ «እማዬ ጓሮ ጎመን ተከለች፣ ዶሮዋ ጫረችው» ብላ ጻፈችልኝ። ኩሽና ውስጥ ቆሜ አምስት ጊዜ አነበብኩት። ጋሪው የእሷም ነው ወንድሜ። ቀለሙን፣ ጎማው ሲጮህ እንዴት እንደሚል፣ በስንት እንደተከራከርክ ንገራት። ስለ ብር በዚህ ጉዞ ባትጽፍ ይሻላል።

የጣና ልጅ፦ ኔትወርክ ቢጠፋም ቴሌግራም ላይ ጽፈህ ላክን ንካው፤ ሲመለስ ራሱ ይሄዳል። የጅዳ ሰዓት ከእኛ እኩል ነው፣ አትቸገር።

ጡረተኛ መምህር፦ በእኛ ጊዜ ደብዳቤ «የምድር አሸዋ፣ የሰማይ ከዋክብት ያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ» ተብሎ ነበር የሚጀመረው። ገጹ በሰላምታ ያልቅና ወሬው ጠርዝ ላይ ይጻፋል። አንተ ወሬውን አስቀድም። ቢሆንም ሰላምታዋን ሙሉ በሙሉ አትተዋት ልጄ፣ ለዛ አላት።

አዲሱ ባለጋሪ፦ ወረታ በሰላም ገብቻለሁ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከሐሙሲት የጻፍኩላት ይኼ ነው፦ «ፈረሳችን ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦራ አለው። ባጃጅ አይፈራም፣ ጃንጥላ ግን ይፈራል። አሁን ሣሩን ትቶ የእኔን ዳቦ እያየ ነው።» ጉማራ ድልድይን አልፌ ደግሞ ስለ ሩዝ ማሳው ሁለት መስመር ጨመርኩ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መለሰችልኝ፦ «ስሙን ማን አልከው?»

ስም አላወጣሁለትም ነበር። አንቺ አውጪለት አልኳት፤ እያሰበች ነው።