ዬል ከ96ቱ 43ቱን ሲያባርር ልክ ነበር?

የታሪክ መምህር፦ ትናንት አንድ ሰው እዚህ «በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተማሪ መምህሩን ያከብር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የተበላሸው በእኛ ጊዜ ነው» ብሎ ጽፎ ብዙዎቻችሁ ደገፋችሁት። እኔ ግን ተናደድኩ። በ1830 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዬል ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በኮኒክ ሴክሽን (ሾጣጣ ቅርጽ ሲቆረጥ ስለሚገኙ ጎባጣ መስመሮች የሚያስተምር ጂኦሜትሪ) ትምህርት ምክንያት አመፁ። ቀድሞ የሚመልሱት የመጽሐፉን ሥዕል እያዩ ነበር። ያን ዓመት ግን በቃላችሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣሉ ተባሉ፤ እምቢ አሉ። ከክፍሉ 96 ተማሪዎች 43ቱ ተባረሩ።

የሒሳብ መምህርት፦ ታዲያ ኮሌጁ ምን አጠፋ? ሥዕሉን ራሱ መሥራት ያቃተው ተማሪ ማረጋገጫው አልገባውም። መጽሐፍ ተከፍቶ ሁሉም ዐዋቂ ነው፤ ጠመኔ ሲይዝ ነው የሚለየው። ቅጣቱ አስፈላጊ ተግሣጽ ነበር።

የታሪክ መምህር፦ «አስፈላጊ ተግሣጽ»! ግማሽ የሚጠጋ ክፍል መበተን? ሌሎች ኮሌጆች እንዳይቀበሏቸው ስማቸውን እስከ መላክስ?

ሦስተኛ ዓመት፦ ከተባረሩት አንዱ አልፍሬድ ስቲሌ ነው። ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሐኪም ሆነ፤ በኋላም እዚያው የሕክምና ፕሮፌሰር። መምህርት፣ ተግሣጹ ለእርሱም አስፈላጊ ነበር ይሉኛል?

የሒሳብ መምህርት፦ ስቲሌን ሰነፍ አላልኩም። ጎበዝ ተማሪም ግን ያጠፋል። ስመ ጥር ስለሆነ አመፁ ትክክል አይሆንም።

የድሮ ተመራቂ፦ ሁላችሁም የክፍሉን አሠራር ዘለላችሁት። ያስተምሩ የነበሩት አብዛኞቹ ገና የተመረቁ ወጣት ረዳት መምህራን ናቸው። ስም ይጠራል፤ ተማሪው ተነሥቶ ያጠናውን ይወጣል፤ ነጥብ ይመዘገብበታል፤ ይቀመጣል። ውይይት ብሎ ነገር የለም። ተማሪ እንዲህ ሲጠየቅ ኖሮ በድንገት «ሣል» ቢባል የማይቆጣው ለምንድን ነው?

የላቲን ወዳጅ፦ ያን አሠራር አታቃሉት። የ1828ቱ የዬል ሪፖርት አእምሮን ማሠልጠን ዕውቀት ከማከማቸት ይበልጣል ብሎ ለግሪክና ላቲን የተሟገተው በምክንያት ነው። በ1869 ኤልየት የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆኖ የትምህርት ዓይነት ምርጫውን ለተማሪው ሲያሰፋ ነው ነገሩ የላላው።

የድሮ ተመራቂ፦ ላላ? ሃርቫርድ ያደገው በዚያው በኤልየት ዘመን ነው!

የላቲን ወዳጅ፦ በመጠን ማደግና በትምህርት መጥለቅ ለየቅል ናቸው።

ሦስተኛ ዓመት፦ ከግሪክና ላቲን እንመለስ። መምህርት፣ ሰሌዳው ጥሩ ዘዴ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ፈተናው ሲለወጥ ትምህርቱ አብሮ ተለውጦ ነበር?

የሒሳብ መምህርት፦ ያኔ የዬል ፕሬዚዳንት የነበረው ጄረማያ ዴይ ራሱ የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ደራሲ ነበር። ተማሪ ምን እንደሚከብደው እርሱ አያውቅም ልትለኝ ነው?

የታሪክ መምህር፦ የሚያውቅ ከሆነማ ጥፋቱ ይብሳል። እርስዎ ነገ ከክፍልዎ ግማሹ እምቢ ቢልዎት ያባርሩታል? «አስፈላጊ» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ይመልሱልኝ።

የሒሳብ መምህርት፦ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ይሣሉልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።