ታፔላችን ላይ «ከስንት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ» ብለን እንጻፍ?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም የደሴ ልጆች። ፒያሳ አካባቢ የቤተሰብ ሱፐርማርኬት አለን። ሱፐርማርኬት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ አራት መደርደሪያ፣ ሁለት ፍሪጅና ሁሌ ወረቀት የሚጨርስ አንድ የካሽ ማሽን ነው። አባባ (አያቴ ማለቴ ነው) የጀመሩት ሱቅ ነው፣ ከእሳቸው አባቴና አጎቴ ተረከቡ፣ አሁን እኔና የአጎቴ ልጅ ነን የምንውለው። ታፔላውን ልናድስ ነውና አጎቴ «ከ1953 ጀምሮ ብላችሁ አስጽፉ» አለን። አክስቴ ሰምታ ሳቀች። «በ53 ምን ሱቅ ነበረንና!» ትላለች። አባባም እማማም (ሴት አያቴ) በሕይወት የሉም። የድሮው ንግድ ፈቃድና ወረቀቱ ሁሉ በ2014ቱ ጦርነት ሱቁ ሲዘረፍ ከዕቃው ጋር አብሮ ሄዷል። የተረፈው የድሮው ሚዛን ብቻ ነው፣ እሱም የግማሽ ኪሎው ብረት ድሮ ጠፍቶ በድንጋይ የተተካ። ማጭበርበር እንዳይመስላችሁ፣ ድንጋዩ ተፍቆ ተፍቆ ነው ልክ ግማሽ ኪሎ የሆነው፣ አባባ የሠሩት ነው ይባላል። እና ዓመቱን በምን ላግኘው?

ጦሳ ሥር፦
አብሽር፣ ይገኛል። ትልቅ ሰው ስትጠይቅ «በስንት ዓመተ ምሕረት» አትበል፣ ማንም አያስታውስም። በሆነ ነገር አስታከህ ጠይቅ። በታኅሣሡ ግርግር (በ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ) ጊዜ ሱቁ ነበር ወይ? በ66ቱ ድርቅ ባንኮኒው ጋ የሚቆመው ማን ነበር? ትርፍ ቤት ሲወረስ የት ነበራችሁ? እኔ የእናቴን ዕድሜ ያገኘሁት በዚህ ነው፣ መታወቂያዋ ላይ ካለው በስድስት ዓመት ትበልጣለች።

ቦርከና፦
ቤቱ የራሳችሁ ነበር ወይስ ኪራይ? ኪራይ ከነበረ በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሷል። ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ወደ ቀበሌ ነው የዞረው፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች። ፋይል ካለ ከሁለቱ አንዱ ጋ ነው። ግን እዚያ ሄደህ «ነገ ና» ከመባልህ በፊት የአክስትህን ሳጥን አስከፍታት፣ የኛ እናቶች ደረሰኝ አይጥሉም።

የአሰብ ሾፌር፦
እኔ ዕድሜዬን ከአሰብ ዕቃ ሳመላልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የ1990ው ጦርነት መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ የደሴ ባለሱቅ ዓይኑ አሰብ መንገድ ላይ ነበር። ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻን አልፈህ ሐረጎ ላይ ጉም ይቀበልሃል፣ ከፊትህ ያለውን መኪና በኋላ መብራቱ ነው የምታውቀው፣ ባለሱቁ ደግሞ «ምነው ዘገየህ» ይልሃል። ያኔ ሱቅ ማለት ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ስኳር ነበር። አረብ ቤት የምንላቸው የየመኖቹ ሱቆችም ነበሩ፣ ብዙ ሰው ንግድ የለመደው እነሱ ጋ ተቀጥሮ ነው። በደርግ ጊዜ ስኳሩ ወደ ቀበሌ ሕብረት ሱቅ ሄደ፣ የግሉ ባለሱቅ ሻማና ክብሪት ታቅፎ ቀረ። ልጄ፣ ያን ጊዜ እንዴት ሳይዘጉ እንደቆዩ ጠይቅ። የዱቤ ደብተር ካለም እንዳትጥሉት። ማን ሠርግ ደግሶ፣ ማን ሐዘን ተቀምጦ ስንት ኪሎ ስኳር እንደወሰደ እሱ ላይ ነው ያለው።

ኮምቦልቻዊት፦
ታፔላው ይቆየንና ፈቃዱ አሁን በማን ስም ነው? በሟች አያት ስም እየሠራችሁ እንዳይሆን ብቻ። እኛ በዚህ ሁለት ዓመት ተጣልተናል። በ2013 በወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውንም የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ሁለት ናችሁ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጨርሱት። ከ2016 ጀምሮ ችርቻሮው ለውጭ ባለሀብትም ተከፍቷል፣ ከትልቅ ጋር ነው የምትፎካከሩት።

የሱቅ ደንበኛ፦
ዓመቱን ተዉትና የዘይቱን ዋጋ ጻፉበት።

የሆጤ ልጅ፦
ተመልሼ መጣሁ። (ፈቃዱ በአባቴ ስም ነው፣ አመሰግናለሁ እህቴ። ዘይቱን ስማ፣ እኛም ገዝተን ነው የምንሸጠው።) ዓርብ ከሰዓት አክስቴ ጋ ሄድን። ቡናው በረካ እስኪደርስ ስለሌላ ነገር ስታወራ ቆየችና ስለ ታኅሣሡ ግርግር ጠየቅኳት። «አባባ አረብ ቤት ተቀጥሮ ነበር። እማማ ደግሞ እኔን አዝላ ሰኞ ገበያ ጉልት ላይ» አለች። በርበሬና ቡና ትሸጥ ነበር፣ አክስቴ ሳትወለድ ጀምሮ። ከዚያ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ቦርከና እጅህ ይባረክ፣ ከታች በጨርቅ የተጠቀለለ የኪራይ ደረሰኝ ወጣ። ጥቅምት 1959፣ 15 ብር።

አጎቴ «በቃ 59 ብላችሁ ጻፉ» አለ። አክስቴ «ጉልቱ ካልተቆጠረ 15 ብሩ ከየት መጣ?» አለችው። መልስ አልነበረውም፣ ስኒውን አስቀምጦ ስልኩን ማየት ጀመረ።

የሚዛኑን ድንጋይም አነሳሁባት። «እሱን ደግሞ አባባ ሠራው አሉህ? እማማ ከጉልት ይዛው የመጣችው ነው» አለችና ሳጥኑን ቆለፈችው።

ታፔላ ጻፊው ሁለቴ ደውሏል። «ከ» የሚለውን ጽፎ ቁጥሩን እየጠበቀ ነው።